ይድረስ ለግቢ መዛኞች፦ የነጥብ ቅጹ የተፈጥሮ ትምህርታችንን እየጠረገው ነው

ለትምህርት ቤቶች ቁጥጥርና ምዘና ክፍል

ጉዳዩ፦ የግቢ ጽዳትና ውበት መመዘኛ ቅጽ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የክፍሉ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በየትምህርት ቤቱ ባዮሎጂና የአካባቢ ሳይንስ የምናስተምር፣ የተፈጥሮ ክበባትን የምናስተባብርና የግቢ አትክልት የምንንከባከብ ባለሙያዎች ነን። ጉዳያችን ከክፍላችሁ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤቶች የወረደው የግቢ ጽዳትና ውበት መመዘኛ ቅጽ ነው። ቅጹ መሬት ላይ ለተገኘ ቅጠል፣ ከጫማ በላይ ላደገ ሣር፣ ለደረቀ ግንድ፣ ለቆመ ውኃ እና «ለማናቸውም የነፍሳት መጠለያ» ነጥብ ይቀንሳል። ነጥብ የሚሰጠው ለንጣፍ፣ እኩል ለተከረከመ አጥርና ኖራ ለተቀባ ግንድ ነው። ርዕሰ መምህራን በዚህ ውጤት ስለሚገመገሙ የተባሉትን ያደርጋሉ፤ በእነሱ አንፈርድም።

በሌላ በኩል ያው የትምህርት ሥርዓት ተማሪው የምግብ ሰንሰለትን፣ የነፍሳትን የሕይወት ዑደት፣ የአፈርን አፈጣጠርና ርክበ ብናኝን (የአበባ ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ መተላለፉን) በምልከታ እንዲማር ይጠይቀናል። የሚታየው ነገር ግን በቅጹ ምክንያት ተጠርጎ፣ ተቃጥሎ ወይም መድኃኒት ተረጭቶበት አልቋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 29 የትምህርትን ዓላማዎች ሲዘረዝር ለተፈጥሮ አካባቢ አክብሮት ማሳደርን አብሮ አስፍሯል። ከዚህ ትልቅ ሰነድ ይልቅ ግን በትንሿ ቅጽ ላይ ብንነጋገር እንመርጣለን፤ ግቢው ውስጥ የምትሠራው እሷ ናትና።

አንደኛ፣ የወደቀ ቅጠል። ቅጹ «ከቅጠልና ከገለባ የጸዳ ግቢ» ይላል። በአንድ ትምህርት ቤት መዛኞች ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው ከዛፎች ሥር የነበረው ቅጠል በሙሉ ተጠርጎ አጥር ጥግ ተቃጠለ። ቀጥሎ የተያዘው ምዕራፍ ስለ መበስበስ ነበር። መምህርቷ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለው ከማስተማር ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

የተቃጠለው ምን እንደነበረ ለማየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በሲባጎ ይከለላል፤ ውስጡ ያለው ቅጠል በየንብርብሩ እየተነሣ ነጭ አንሶላ ላይ ይራገፋል። የላይኛው ቅጠል ደረቅና ሙሉ ነው። ከሥሩ ያለው ለስልሶ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ሥጋው ተበልቶ ጅማቱ ብቻ እንደ ዳንቴል የቀረም ይገኝበታል። ከዚያ በታች ቅጠልነቱ የማይለይ ጥቁር ፍርፋሪ አለ፤ ነጫጭ የሻጋታ ክሮች ያያይዙታል። አንሶላው ላይ ቅጠል የሚበሉት ቀንድ አውጣዎች፣ አዳኞቹ ሸረሪትና መቶ እግር፣ ዓይን የማይሞሉ ዘላይ ፍጥረታት ይወርዳሉ። ተማሪው በዓይነት ለይቶ ይቆጥራል፣ በሠንጠረዥ ያሰፍራል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ስፋት ያለው የተጠረገ መሬት ላይ ይደግመዋል። ልዩነቱን ማንም ሳይነግረው ያገኘዋል።

ደግሞም የተራቆተ አፈር የዝናብ ጠብታ በቀጥታ ሲመታው ገጹ ይደፈናል። ውኃው መስረጉ ቀርቶ በላዩ ይፈሳል፤ አፈሩንም ይዞት ይሄዳል። «ግቢው በዝናብ ጭቃ፣ በደረቅ ወቅት አቧራ ይበዛበታል» እያላችሁ በግብረ መልስ የምትጽፉልን ችግር አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ከእግረኛ መንገድና ከመሮጫ ሜዳ ላይ ቅጠል መነሣቱ አግባብ ነው፤ ያዳልጣል። የተነሣው ግን ወደ ኮምፖስት ይግባ። ቅጹ እዚህም ላይ «ሽታ ያለው ክምር» ብሎ ነጥብ ስለሚቀንስ ክምራቸውን ያፈረሱ ትምህርት ቤቶች አሉ። በአግባቡ የተሠራ ኮምፖስት አይሸትም። የሚሸተው እርጥብ የወጥ ቤት ትራፊና ለምለም ሣር ብቻውን ሲከመር ነው፤ አየር ያጥረዋል፣ የተትረፈረፈው ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው በአንድ እጅ እርጥብ ላይ ሁለት ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል መቀላቀል ነው። ያን ደረቅ ቅጠል ነው ቅጹ ያስቃጠለው። በደረቅ ቅጠሉ የሚበዛው ካርቦን በእርጥቡ ለሚበዛው ናይትሮጅን በክብደት ከ25 እስከ 30 ለ 1 ሲሆን ብስባሹ ይፋጠናል። ክምሩ ቁመቱም ወርዱም ከ1 ሜትር ካነሰ ሙቀት አይዝም። እርጥበቱ በመዳፍ ይለካል፤ ጨብጠው ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ በቂ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ምንም ካልወጣ ጎድሏል። ደህና የተሠራ ክምር መሐሉ በጥቂት ቀናት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ረጅም ቴርሞሜትር ተክሎ የየቀኑን ሙቀት በግራፍ የሚያሰፍር ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም አብሮ ይማራል። ሙቀቱ ሲወርድ ክምሩ ይገለበጣል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የነካው ምግብ አይገባበትም፤ አይጥ የሚጠራው እሱ ነው።

ሣርን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ሜዳው ይታጨድ፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ከአጥሩ ሥር ግን 2 ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ይተውና ዘር ካፈራ በኋላ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይታጨድ። ግማሹ በአንድ ጊዜ፣ ግማሹ ሌላ ጊዜ ቢታጨድ ነፍሳቱ መሸሻ አያጡም። የታጨደው ይነሣል፤ እዚያው ከተተወ አፈሩን ያዳብርና ወፍራሙ ሣር አበባ ያላቸውን ዕፀዋት ይውጣቸዋል። የጥብጣቡ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ከተስተካከለ አላፊ አግዳሚው ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን ይረዳል። ለመዛኝም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ፀረ ተባይ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበንም ይህ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የቢራቢሮን ዕድገት ከእንቁላል ጀምረው እየተከታተሉ ሳለ ለምዘናው ሲባል አጥሩ በሙሉ ተረጨ። ዑደቱ እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ቢለያይም እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል፣ እጩ (ትሉ) ሁለት ሦስት ሳምንት ይበላል፣ ሙሽሬው (ትሉ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ) ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ርጭት በማንኛውም ቀን ቢደረግ ከዑደቱ አንዱን ደረጃ ያገኘዋል። መዝገባቸው እጩ ላይ ቆመ።

ተባይ ጠፋ ተብሎ ከሆነ እሱም አልጠፋም። ክሽክሽ፣ የተክል ጭማቂ የምትመጠው ትንሽ ተባይ፣ በሞቃት ወቅት ከወንድ ሳትገናኝና እንቁላል ሳትጥል ልጆቿን ትወልዳለች፤ የተወለደችው በሞቃት አየር ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ራሷ ወላድ ትሆናለች። ክሽክሽን የምትበላው ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጢንዚዛ ግን ከእንቁላል እስከ ጉልምስ ለመድረስ አንድ ወር ያህል ይፈጅባታል። ሁለቱም በተረጩ ማግስት ቀድማ የምትበዛው ማን እንደሆነች ግልጽ ነው። በዚህ ስሌት በላይ በላዩ መርጨት ግድ ይሆናል፤ እየሆነም ነው። ክሽክሹ የያዘው ጥቂት ቀንበጥ ከሆነ በውኃ ግፊት ማጠብ ወይም ቀንበጡን ቆርጦ ማንሳት ይበቃል። ደግሞ ትንንሾቹ ልጆች አፈር የነካ እጃቸውን ወደ አፍ ይከታሉ። ርጭቱ በትምህርት ቀን ዋዜማ፣ ምን እንደተረጨና መቼ መግባት እንደሚቻል ሳይለጠፍ መካሄዱ የጤና ጉዳይም ነው።

በርጭቱ የሚሞቱት ለእኛ ምን ያደርጉልናል የሚል ካለ፣ በዓለም ዋና ዋና ከሚባሉት 115 የምግብ ሰብል ዓይነቶች 87ቱ ምርታቸው ብናኝ በሚያደርሱ እንስሳት ላይ የተወሰነ ጥገኝነት አለው። ሳይንስ ከመዘገባቸው ከ20 ሺህ በላይ የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ማር አይሠሩም፣ በመንጋም አይኖሩም፤ እያንዳንዷ እናት ብቻዋን ጎጆ ትሠራለች። ከሦስት ሁለት እጅ የሚበልጡት ጎጇቸውን የሚቆፍሩት ፀሐይ በሚያገኘው መሬት ውስጥ ነው። ነጥብ የምትሰጡበት ንጣፍ የሚደፍነው ይህንኑ መሬት ነው።

ሦስተኛ፣ ዛፍ። ሲሚንቶ እስከ ግንዱ ድረስ የሚሞላበት አሠራር በየግቢው ተስፋፍቷል። የዛፍ ሥር በአብዛኛው የሚገኘው ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ሥሩ ውኃም አየርም የሚያገኘው ከዚያ ነው። ሲሚንቶው ሲያፍነው ዛፉ ወዲያው አይሞትም፤ መጀመሪያ ጫፉ ይመነምናል፣ ከዓመታት በኋላ ሲደርቅ «በሽታ ያዘው» ይባላል። ንጣፍ የግድ ከሆነ ውኃ የሚያስርግ ይሁን፤ በግንዱ ዙሪያም የቻለውን ያህል ሰፊ ክፍት አፈር ይተው። ኖራውም ቢሆን ጥቅሙ ልጡ ገና ስስ የሆነን ችግኝ ከፀሐይ ቃጠሎ መከላከል ነው። ያረጀ ዛፍ ላይ ሲቀባ ሸረሪቶችና ነፍሳት የሚጠለሉበትን፣ ወፎችም የሚለቅሙበትን ስንጥቅ ሁሉ ይደፍናል። ለይስሙላ ካልሆነ ምክንያት የለውም።

በችግኝ ተከላ ቀን የሚሠራውም እንዲሁ ነው። ቅጹ የሚጠይቀው «የተተከለ ብዛት» ስለሆነ ጥድፊያው ለቁጥር ነው። ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ነቅለን አይተናል፤ ሥሩ ላስቲኩን ተከትሎ እንደተጠቀለለ ደርቋል። ከዚህ የበለጠ የተለመደው ስሕተት አጥልቆ መትከል ነው። ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት አንገት ከአፈሩ ገጽ እኩል መሆን አለበት፤ ከተቀበረ ልጡ ይበሰብሳል። ጉድጓዱ የሥሩን ሁለት ሦስት እጥፍ ይስፋ እንጂ ከሥሩ ቁመት አይጥለቅ። ከተተከለ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ቅጠል ይነጠፍለታል፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ። ከዚያም ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረቅ ወቅቶች ውኃ ይፈልጋል። ውኃ የሚያጠጣው ሰው ስም ያልተጻፈበት ችግኝ እንዳልተተከለ ይቆጠር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ምን እንተክል ለሚለው፣ ከሩቅ የመጣ ጌጠኛ ተክል ቅጠሉ ሳይበሳ ስለሚያምር ይመረጣል። ያልተበሳው የአካባቢው ነፍሳት ሊበሉት ስለማይችሉ ነው። የቢራቢሮ እጭ የሚያድገው በተወሰኑ ተክሎች ላይ ብቻ ነው፤ አበባ ብቻ ደርድረን እጩ የሚበላውን ካልተከልን የሚመጣው ቢራቢሮ እንግዳ እንጂ ነዋሪ አይሆንም። እህል የሚለቅሙ ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት ነፍሳትን ነው። ስለዚህ የተበሳሳ ቅጠል በመዛኝ ዓይን ጉድለት ሊሆን አይገባም። አጥር ክርከማም ወፎች እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት ይቅር፤ የምዘናው ጊዜ ከዚያ ወቅት ጋር ስለተገጣጠመ በአንድ ግቢ ጎጆዎች ከነጫጩቶቻቸው ከቅርንጫፉ ጋር ተጭነው ወጥተዋል።

አራተኛ፣ ውኃ። እዚህ ላይ ስጋታችሁ ውኃ የሚያነሣ ነው፤ ትንኝ በሞቃት ወቅት ከእንቁላል ተነሥታ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ትበራለች። ቅሬታችን ስጋቱ የተተረጎመበት መንገድ ላይ ነው። በአንድ ግቢ የእንቁራሪት እጭና የውኃ ተርብ እጭ የሚታይበት ኩሬ በአፈር ተደፈነ። ከዚያው ኩሬ አጠገብ የተደፈነው የጣሪያ አሸንዳ፣ የተጣለው ጎማና የቀለም ጣሳ ግን እንዳሉ ቀሩ። በእንዲህ ያለው ዕቃ ውስጥ ትንኝን የሚበላ የለም፤ ኩሬው ውስጥ ግን የውኃ ተርብ እጭና ዋናተኛ ነፍሳት ነበሩ። አፈር ከመድፋት በፊት እጩን በጭልፋ ቀድቶ ቆጥሮ ማየት ይገባ ነበር፤ ይህም ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው።

ወባ ባለበት አካባቢ ቋሚ ኩሬ እንዲሠራ አንጠይቅም። እዚያ የሚበጀው ሰፊ ገበታ ነው፤ ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ንብና ወፍ የሚቆሙበት ድንጋይ ያለበት። በየሁለት ሦስት ቀኑ ይደፋል። መድፋት ብቻውን ግን አይበቃም፤ አንዳንድ የትንኝ ዝርያዎች እንቁላላቸውን በዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፣ እንቁላሉም ድርቀት ይቋቋማል። ስለዚህ ግድግዳው በብሩሽ መፈተግ አለበት። ኩሬ በሚቻልበት ቦታ አንዱ ዳር እንስሳ ገብቶ የሚወጣበት ለስላሳ ተዳፋት ይኑረው። ዓሣ አይጨመርበት፤ የእንቁራሪቱንም የተርቡንም እጭ ይጨርሰዋል። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ሁለት ቀን በክፍት ዕቃ ይቆይ፤ ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት የውኃ ማከሚያ) የተጨመረበት ከሆነ ግን መቆየቱ ስለማይፈይድ የዝናብ ውኃ ይሻላል። ትንሽ ልጅ በጣም ጥልቀት በሌለው ውኃም ሊሰጥም ስለሚችል አጥርና የሚቆለፍ በር የግድ ነው። ይህን ሁሉ የያዘ የደኅንነት መመሪያ አውጡ፤ እናከብረዋለን። «የቆመ ውኃ፣ 5 ነጥብ ይቀነስ» የሚል አንድ መስመር መመሪያ አይደለም።

አምስተኛ፣ ለውበት ተብለው የተላኩልን የወፍ ሳጥኖችና «የንብ ሆቴሎች»፣ ማለትም ብቻቸውን የሚኖሩ ንቦች ጎጆ የሚሠሩባቸው የቱቦና የቀዳዳ መጠለያዎች። በጎ ሐሳብ እንደነበረ እንገምታለን፤ ባለሙያ ግን አልተጠየቀም። የወፍ ሳጥኖቹ ውስጣቸው ድረስ ደማቅ ቀለም ተቀብተዋል፣ ወለላቸው ውኃ ማስወጫ የለውም፣ ከቀዳዳው ሥር መቆሚያ ዘንግ ተተክሎላቸዋል። ዘንጉ ለባለጎጆዋ አያስፈልግም፤ እንቁላልና ጫጩት ለሚዘርፍ አዳኝ ግን መደገፊያ ይሆናል። የተሰቀሉትም የቀትር ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ውስጣቸው ይነዳል። ደህና ሳጥን 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ካልተላገ ጣውላ ይሠራል፤ ሻካራው ጣውላ ጫጩቷ ጥፍሯን ተክላ እንድትወጣ ይረዳታል። ወለሉ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በአራቱ ማዕዘን ይበሳል፣ ከጣሪያው ሥር የአየር ክፍተት ይተዋል፣ ቀዳዳው ከወለሉ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የቀዳዳው ስፋት እንግዳውን ይመርጣል፦ ለትንንሽ ወፎች 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከ2 እስከ 4 ሜትር ከፍታ፣ ከቀትር ፀሐይና ከዝናብ ንፋስ ዞሮ ይሰቀላል። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ብቻ ተከፍቶ በፈላ ውኃ ይታጠባል። ይህም ሆኖ ሳጥን የሚጠቅመው የግንድ ፍልፍል ውስጥ ለሚኖሩ ወፎች ነው፤ ጎጇቸውን የሚሠፉት ቁጥቋጦ ነው የሚፈልጉት።

የንብ ሆቴሎቹ ደግሞ ከፊትም ከኋላም ክፍት ናቸው፤ ነፋስ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ የሚሠራ የለም። የቀዳዳው ስፋት ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሜትር እየተለያየ፣ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ጀርባው የተዘጋ መሆን አለበት። ጥልቀቱ ለምን ቢባል፣ እናቲቱ ሴት የሚሆኑትን እንቁላሎች ከኋላ፣ ወንድ የሚሆኑትን ከፊት ታስቀምጣለች። ቀዳዳው ካጠረ የሚወጡት ወንዶች ይበዛሉ። የተሰነጠረ ጠርዝ ክንፍ ይቀዳል፤ ስለዚህ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። የጠዋት ፀሐይ ወዳለበት ይዙር፣ ዝናብ አይንካው፣ ንቅንቅ አይበል። ቱቦዎቹ በየሁለት ዓመቱ ካልተለወጡ ጥገኛ ተባዮች ይወርሱታል። ይህ ሲሟላ ተማሪው በአጉሊ መነጽር የሚያየው ብዙ ነው፦ አንዱ ቀዳዳ በጭቃ ተመርጓል፣ ሌላው በክብ በክብ በተቆረጠ ቅጠል ተደፍኗል፣ ሦስተኛው መሐሉ ተበስቷል። ጭቃውና ቅጠሉ የተለያዩ ዝርያዎች ሥራ ነው፤ የተበሳው ነዋሪው ወጥቶ የሄደበት ነው።

መስታወትም ሳናነሣ አናልፍም። አዲሶቹ ሕንፃዎች ሰማይና ዛፍ በሚያንጸባርቅ መስታወት ስለተሸፈኑ ወፎች እየተጋጩ ይሞታሉ። አንድ የጭልፊት ምስል መለጠፍ አይረዳም፤ በውጭው ገጽ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ነጠብጣብ ማድረግ ይረዳል።

የመጨረሻው ቅሬታችን ስለ ጊዜ ነው። ክትትል የሚያደርጉ ባለሙያዎች ተማሪዎችን ከዛፍ ሥር ያገኙባቸው መምህራን «በክፍለ ጊዜው ክፍል ውስጥ አልተገኙም» ተብለው ተመዝግበዋል። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በ12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የደጅ ክፍለ ጊዜ ከተጨመረላቸው ልጆች በሦስት ዓመት ውስጥ ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር የያዛቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ ካልተጨመረላቸው 39.5 በመቶ ነበሩ። ይህ ለዓይን ብቻ ነው፤ ለትምህርቱ የሚሰጠውን ከላይ ዘርዝረናል።

እባብና ጊንጥን አንስታችሁ እንደምትሞግቱን እናውቃለን። ለነፍሳት መጠለያ የሚተወው የደረቀ ግንድ ክምር ከክፍሎችና ከመጫወቻ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ልጆች በእጃቸው ሳይሆን በረጅም ዱላ፣ ወደ ራሳቸው ሳይሆን ወደ ፊት ያገላብጡት፤ ሁልጊዜም መምህር ይኑር። መርዛማ እባብ በሚበዛበት አካባቢ ክምሩ ጨርሶ ይቅር፣ ነፍሳትን ለማየት የጉድጓድ ወጥመድ ይበቃል፦ አንድ ኩባያ ከአፈሩ ገጽ እኩል ይቀበራል፣ ሥሩ ለዝናብ ውኃ ይበሳል፣ በትንንሽ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ክዳን ይከደናል፣ ጠዋት ጠዋት ይታያል፣ የገባው ተቆጥሮ ይለቀቃል። የኩባያው አፍ በጣት ውፍረት እንኳ ከመሬቱ ከፍ ካለ ነፍሳቱ ዞረውት ያልፋሉ። አዲስ ጀማሪዎች «ምንም አልያዘም» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ቅጠልን፣ ሣርን፣ የደረቀ ግንድን፣ የቆመ ውኃንና የነፍሳት መጠለያን በጅምላ የሚቀጡት መስመሮች ከሚቀጥለው ምዘና በፊት ይሰረዙ። በምትካቸው ግቢው በካርታ ይከፈል፦ መተላለፊያና መጫወቻው በጽዳት ይመዘን፤ ከግቢው ቢያንስ ዐሥር በመቶ «የምልከታ ቦታ» ተብሎ ይከለልና በሌላ መስፈርት ይመዘን። መስፈርቱም የቆጠራ መዝገብ አለ ወይ፣ አጥርና የደኅንነት ምልክት አለ ወይ፣ ኮምፖስቱ ይገላበጣል ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ይሁኑ። የችግኝ ነጥብ በተተከለበት ቀን አይሰጥ፤ ዓመት ሞልቶት በሕይወት ባለው ብዛት ይሰጥ።

ቅጠል ማቃጠል ይከልከል። ፀረ ተባይ የሚረጨው ተባዩ ተለይቶ ሲታወቅና ሌላ መንገድ ሲያልቅ ብቻ ይሁን፤ የመድኃኒቱ ስም፣ ቀኑና ልጆች ተመልሰው የሚገቡበት ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ይለጠፍ። በነባር ዛፎች ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ ሥሩን ሳይጎዳ በእጅ መሣሪያ ይነሣ። የአጥር ክርከማ መርሐ ግብር ከወፎች የመራቢያ ወቅት ውጭ ይውጣ።

በግቢ ውስጥ የሚሰጥ የደጅ ትምህርት እንደ መደበኛ ክፍለ ጊዜ ይመዝገብ፤ «አልተገኙም» ተብሎ የተጻፈባቸው መምህራን መዝገብ ይታረም። በመዛኝ ቡድኑ ውስጥ ቢያንስ አንድ የባዮሎጂ መምህርና አንድ አትክልተኛ ይካተት። የተላኩት ሳጥኖች እኛው እንድናስተካክላቸው ይፈቀድልን፤ ጣውላ፣ መሰርሰሪያና ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው የምንጠይቀው። ለወደፊቱ ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ንድፉን አሳዩን።

የተሻሻለ ረቂቅ ቅጽ አዘጋጅተናል፤ ስትጠሩን ይዘን እንቀርባለን። በ30 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ ምላሽ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የባዮሎጂና የአካባቢ ሳይንስ መምህራን፣ የተፈጥሮ ክበባት አስተባባሪዎችና የትምህርት ቤት አትክልተኞች

ግልባጭ፦
ለሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ክፍል
ለርዕሰ መምህራን
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት